ሃምስተሩ የልጁ አይደለም

«ለልጁ ትንሽ እንስሳ ግዙለት፤ ኃላፊነት ይማራል።» በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በለንደን ወይም በፍራንክፈርት ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ወላጅ ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። የክፍል መምህሯ ትለዋለች፤ የልጁ ጓደኛ እናት ትለዋለች፤ የእንስሳት መሸጫው ሻጭማ እንጀራው ነው። ውሻ በዝናብም በበረዶም ውጭ መውጣት ይፈልጋል፣ ድመት ሶፋ ትቧጭራለች፤ እንግዲያው ሃምስተር ይሁን ይባላል። ዋጋው ቤተሰብ አንድ ቀን ውጭ ከሚበላበት ያነሰ ነው። ቦታ አይፈጅም፣ አይጮህም። ልጁ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ያጸዳለታል፤ በዚያውም ሥርዓት ይይዛል።

ምክሩ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ሃምስተርም፣ ጊኒ ፒግም፣ ጀርቢልም፣ አይጥም የልጅ እንስሳት አይደሉም። ልጅ ባለበት ቤት የሚኖሩ የአዋቂ እንስሳት ናቸው። ይህን መቀበል የከበደው ወላጅ ባይገዛ ይሻለዋል። የተቀበለ ወላጅ ግን ልጁን ብዙ ሊያስተምርበት ይችላል፤ የሚያስተምረው ነገር ሻጩ ቃል የገባለት ዓይነት ባይሆንም።

በመጀመሪያ «ኃላፊነት» የሚባለውን እንመርምር። ሰው ኃላፊነትን የሚማረው ያጠፋው ነገር ዋጋ ራሱን ሲያስከፍለው ነው። የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ ዜሮ ያገኛል፤ ጃኬቱን የረሳ ይበርደዋል። የሃምስተሩን የውኃ ጡጦ መሙላት የረሳ ልጅ ግን ምንም አይደርስበትም። የሚጠማው ሃምስተሩ ነው። ያውም አያለቅስም፣ በር አይቧጥጥም፣ እንደ ውሻ እግር ሥር መጥቶ አይነጫነጭም፤ ጉዝጓዙ ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል። ልጁ እንዲማር ሌላ ፍጡር የሚከፍልበት ትምህርት ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ ወላጅ ወደ ዛቻ ይሄዳል፤ «ካልተንከባከብከው እንመልሰዋለን!» ልጁ ከዚህ የሚረዳው ሌላ ነገር ነው። ሕይወት ያለው ፍጡር ሲሰለች ወይም ሲያስቸግር እንደማይሆን ጫማ ለሱቅ ይመለሳል ማለት ነው። ኃላፊነት ለማስተማር የተገዛው እንስሳ ኃላፊነትን መሸሻ ሆኖ ያርፋል።

ሕግ አውጪዎች ይህን ከብዙ ወላጆች ቀድመው አይተውታል። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንስሳ መሸጥን ይከለክላል። ልጁ እንስሳ ካለውም በሕጉ ዓይን የእንስሳው ኃላፊ ልጁን የሚያሳድገው አዋቂ ነው። በጀርመንም ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ አሳዳጊው ፈቃድ እንዲህ ያለ እንስሳ አይሸጥለትም። ሃምስተሩ በረኀብ ቢሞት የሚጠየቀው የስምንት ዓመቱ ልጅ ሳይሆን አባቱ ነው። ሕጉ እንዲህ እያለ እኛ ቤት ውስጥ «የአንተ ነው፤ አንተ ታውቃለህ» ማለታችን ልጁን ማታለል ነው።

እዚህ ላይ ከእኛው ወገን አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ይነሳል። ገጠር ያደገ አባት «እኔ በሰባት ዓመቴ ከብት ጠብቄያለሁ። የእኔ ልጅ አንዲት አይጥ የምታክል ነገር መመገብ እንዴት ያቅተዋል?» ይላል። ይህን ለሚል ሰው አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን እረኝነቱን በደንብ ያስታውሰው። የሰባት ዓመት ልጅ በመጀመሪያ የሚሰጠው ጥጃና ግልገል ነበር፤ በሬና ላም የሚከተለው ከፍ ሲል ነው። ሜዳ ላይ ብቻውን አልነበረም፤ ታላላቆቹ እረኞች አብረውት ነበሩ። ማታ ከብቱ ወደ በረት ሲገባ አዋቂ ቆሞ ያያል። የጎደለ አለ? ያነከሰችው የትኛዋ ናት? ሆዷ ያልሞላውስ? እናት ደግሞ ስታልብ ከላሟ ጡት ትረዳለች። ከብቱ የሰው አዝመራ ቢበላ ልጁ ይገረፍ ይሆናል፤ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ካሳ የሚከፍለው ግን አባቱ ነበር።

ስለዚህ እረኛው ልጅ ሥራ ነበረው እንጂ የከብቱ ሕይወት በእሱ እጅ አልተጣለም። በቀን ሙሉ ሥራው ዙሪያ ከብት የሚያውቁ አዋቂዎች አጥር ሆነው ቆመው ነበር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውም ያው ገበሬ ነው፤ ልጅ አያቡካ ማለቱ ግን አልነበረም። ያቡካ፤ ራቱን ግን እሱ ላይ አንጣል ማለቱ ነው። አፓርታማ ውስጥ ያለው ሃምስተር ግን ይህ አጥር የለውም። ማታ የሚያየው የለም። አባት የሥራ ፈረቃ ላይ ነው፣ እናት ደክሟታል፣ የልጁ ክፍል በር ተዘግቷል። እረኝነትን ለምሳሌ የምንጠቅስ ከሆነ ማታ በረት አጠገብ የሚቆመውን አዋቂም አብረን እንጥቀስ።

ቀጥሎ «ትንሽ ስለሆነ ቀላል ነው» የሚለው እምነት አለ። ቤት ውስጥ በብዛት የሚያዘው ወርቃማው ሃምስተር እንዴት ሰው እጅ እንደገባ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1930 እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ በሶሪያ፣ በሃለብ አካባቢ፣ ከእርሻ መሬት ሥር አንዲት እናትና 11 ልጆቿን አስቆፍሮ አወጣ። በሕይወት የተረፉት ጥቂቶቹ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተዋለዱ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ያሉት ወርቃማ ሃምስተሮች ከሞላ ጎደል የእነዚያ የጥቂቶቹ ዘር ናቸው። ውሻ ከሰው ጋር ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ሃምስተር ግን መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም። በባሕርይው ዛሬም የሃለብ እርሻ እንስሳ ነው።

የእርሻ እንስሳነቱ የሚታየው በጉድጓዱ ነው። በቱርክና በሶሪያ ድንበር የዱር ሃምስተሮችን ጉድጓድ የለኩ ተመራማሪዎች ጥልቀቱ በአማካይ 65 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አግኝተውታል። በስዊዘርላንድ በርን የተሠራና በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ ሃምስተሮችን 10፣ 40 እና 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉዝጓዝ ከፋፍሎ ተመለከተ። 10 ሴንቲ ሜትር የተሰጣቸው ከሌሎቹ ይልቅ የኬጁን ሽቦ ሲያኝኩ ተገኙ። ሱቁ «ለጀማሪ» ብሎ የሚሸጠው ባለ ቀለም ኬጅ የሚይዘው ጉዝጓዝ ብዙውን ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ለእንስሳት ደኅንነት የተደራጁት የጀርመን የእንስሳት ሐኪሞች ለአንድ ሃምስተር ቢያንስ 100 በ50 ሴንቲ ሜትር ወለል ይመክራሉ። ልጁ «እማዬ፣ እይው፣ እየተጫወተ ነው!» የሚለው ሽቦ የሚነክሰው ሃምስተር እየተጫወተ አይደለም፤ የሚቆፍረው አጥቶ ነው።

ሰዓቱም አይገጥምም። ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ መጫወት የሚፈልግበት ሰዓት ለሃምስተር እኩለ ሌሊት ነው። ከእንቅልፉ ሲነጠቅ ይነክሳል። የተነከሰው ልጅ ያለቅሳል፤ ከዚያ በኋላ እጁን አይዘረጋም። ሃምስተሩ «ክፉ» ተብሎ ይረሳል። በሁለት ፍጡራን መካከል ያለውን የሰዓት ልዩነት ማስታረቅ የአዋቂ ሥራ ነበር፤ ማንም አልሠራውም።

ስለ ጓደኛ የሚባለውም የተገላቢጦሽ ነው። ወላጅ «እንዳይከፋው» ብሎ ሁለት ሃምስተር ይገዛል፤ ጊኒ ፒግ ሲሆን ደግሞ «አንድ ይበቃል» ይላል። ወርቃማ ሃምስተር ካደገ በኋላ ብቻውን የሚኖር እንስሳ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ተደራርበው የሚተኙት ወንድማማቾች ጥቂት ሳምንታት ቆይተው እስከ ሞት ሊጣሉ ይችላሉ። ጊኒ ፒግ ግን ከመሰሉ ጋር ካልሆነ አይኖርም። ስዊዘርላንድ ከ2008 ጀምሮ ጊኒ ፒግን ብቻውን መያዝ በሕግ ከልክላለች። ይህን ለይቶ ማወቅ ከስምንት ዓመት ልጅ አይጠበቅም። ገንዘቡን ከኪሱ ያወጣው ሰው ግን ማወቅ አለበት።

የጊኒ ፒግ አካልም የራሱ ሕግ አለው። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ በሰውነቱ አይሠራም፤ በየቀኑ ከምግብ ካላገኘ ስከርቪ ይይዘዋል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ መራመድ ይሳነዋል። ስለዚህ በየቀኑ የማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያና ቅጠላ ቅጠል ያስፈልገዋል። ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ፤ የሚሞርዳቸው ቀኑን ሙሉ የሚያኝከው ድርቆሽ ነው። ጓዳችን ውስጥ ተርፎ የተቀመጠውን አሞክሳሲሊን በደግነት ብናቃምሰው ደግሞ ልንገድለው እንችላለን፤ በአፍ የሚሰጥ የፔኒሲሊን ዘር ለጊኒ ፒግም ለሃምስተርም የአንጀታቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍቶ መርዝ ይሆናል። እንግዲህ «ቀላል» የተባለው እንስሳ ይህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሕመሙን መደበቁ ነው። የዱር ጠላት የሚያሳድደው እንስሳ ደካማነቱን ካሳየ ይበላል፤ ስለዚህ ታሞም ጤነኛ ይመስላል። አዋቂ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናስብ። የወጥ ቤት ሚዛን ወለል ላይ ተቀምጧል፤ በላዩ ለእንስሳው ብቻ የተለየ ጎድጓዳ ሳህን አለ። እናት ጊኒ ፒጉን አንድ እጇን ከደረቱ ሥር፣ ሌላውን ከኋላ እግሮቹ ሥር አድርጋ ቀስ ብላ ታስቀምጠዋለች። ልጇ ቁጥሩን አንብቦ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ያለፈው ቅዳሜ 940 ግራም ይላል፤ የዛሬው 870 ነው። ልጁ «ትንሽ ነው የቀነሰው» ይላል። እንስሳው ያው ነው፤ ዓይኑ ያበራል፣ ፀጉሩ ያምራል። እናት ግን ወደ ድርቆሹ ዞር ብላ ታያለች፤ አልተነካም። አገጩን ትዳስሳለች፤ እርጥብ ነው። የመንጋጋ ጥርሱ አድጎ ምላሱን እየያዘው ሊሆን ይችላል። የማይበላ ጊኒ ፒግ እስከ ሰኞ አይጠብቅም፤ ያንኑ ዕለት ለእንስሳት ሐኪም ይደወላል።

በዚህ ትዕይንት ልጁ ምን ሠራ? አነበበ፣ ጻፈ፣ ከባለፈው ጋር አነጻጸረ። ከዚያም የእናቱን እጅ ተከትሎ አየ፤ ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ፣ ድርቆሹም አገጩም እንደሚናገሩ ተረዳ። ውሳኔው የእሱ አልነበረም፤ ሊሆንም አይገባም። በሌላ ቅዳሜ ግን «እማዬ፣ ድርቆሹን አልበላውም» ብሎ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ይሆናል። ይህን ትኩረት የትኛውም መሸጫ አይሰጠውም፤ ያገኘው አብሯት ስለተቀመጠ ነው።

«እንግዲያው ጭራሽ ይቅርብን» የሚል ይኖራል። ቤታችን ውስጥ ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ በልዩ ምክንያት ነው፤ «አይጥን ሳሳድድ ኖሬ አሁን ደግሞ ገንዘብ ከፍዬ ላሳድጋት?» አይጥ እህል በምታጠፋበት ቤት ያደገ ሰው ቢጸየፍ አይፈረድበትም። ንቀቱ ግን ልክ አይደለም። ታንዛኒያ ውስጥ አፖፖ የተባለው ድርጅት የሚያሠለጥናቸው ትልልቅ የአፍሪካ አይጦች ፈንጂ ያሸታሉ። ማጋዋ የተባለው አይጥ በሥራ ዘመኑ ካምቦዲያ ውስጥ ከመቶ በላይ ፈንጂዎችና ያልፈነዱ ተተኳሾች አግኝቷል፤ በ2020ም ከአንድ የብሪታንያ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። አዲስ አበባ ውስጥም ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጋር በተያዘ ሥራ እነዚሁ አይጦች የሳንባ ነቀርሳን ከአክታ ናሙና በማሽተት ሲለዩ ቆይተዋል። እዚያ የደረሱት ግን ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ሥራዬ ብለው በየቀኑ በያዟቸው የሠለጠኑ አዋቂዎች እጅ ስላደጉ ነው። የትንሽ እንስሳ ችሎታ የሚወጣው ትልቅ ሰው ሲቆምለት ነው።

ስለዚህ «ይቅር» አልልም። ሥራው በትክክል ይከፋፈል እላለሁ። ምግብ መኖሩን፣ የውኃ ጡጦው አለመደፈኑን፣ የኬጁን ጽዳት፣ የሐኪሙን ቀጠሮና ክፍያ በየቀኑ የሚያረጋግጠው አዋቂ ነው። ልጁ ሊያደርገው የሚችለውን ሲያደርግ ደስ ይበለን፤ ሳያደርግ ቢውል ግን እንስሳው እንዳይጎዳ ሥርዓቱ ያለ እሱም መቆም አለበት።

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በሩቁ ይመልከት። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እነዚህን እንስሳት አምስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች አይመክርም፤ ሳልሞኔላ ያስተላልፋሉና። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያለው ድርቆሽ ይሙላ፣ ቅጠሉን ይጠብ፣ ሃምስተሩ አሽትቶ እንዲያገኘው ፍሬውን ጉዝጓዙ ውስጥ ይደብቅ። መያዝ ሲፈልግ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ከልጅ ደረት ከፍታ የወደቀ ሃምስተር አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። እጁን ከላይ አይስደድ፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ለእንስሳው ጭልፊት ነው። መዳፉን ከታች ዘርግቶ ራሱ እስኪመጣ ይጠብቅ። ጀርቢልን ደግሞ በጭራው አይያዝ፤ ቆዳው ተገፍፎ ይቀራል። አሥር ዓመት ያለፈው ከአዋቂ ጋር ኬጁን ያጽዳ። ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ማንም እንስሳውን አይሳም። ኬጅ ምግብ በሚሠራበት ገንዳ አይታጠብ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ከሆነ እሷ ጭራሽ አትንካው፤ ከእነዚህ እንስሳት የሚተላለፍ ቫይረስ ጽንሱን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላልና አባትየው ይነሳ።

መጨረሻውም የአዋቂ ነው። ሃምስተር ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይኖራል፤ ጊኒ ፒግ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት። በስምንት ዓመቱ ጊኒ ፒግ የተገዛለት ልጅ እንስሳው ሳይሞት ሁለተኛ ደረጃ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ልቡ ኳስ ላይና ስልኩ ላይ ነው። ሃምስተር የያዘው ደግሞ ሞትን ገና ልጅ ሳለ ያያል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች የሚያደርጉት የሚያሳፍር ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሳለ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ሃምስተር ገዝተው ይተካሉ። እኛ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ለልጁም በመጠኑ ይህ ይገባዋል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ሞቷል» ማለትና ሲያለቅስ አብሮ መቆየት እንጂ ሐሰተኛ ሃምስተር አይገባውም። ከዚያ በፊት ግን አዋቂው አንድ ነገር ያጣራ። ብርድ ክፍል ውስጥ ቀዝቅዞ የማይንቀሳቀስ ሃምስተር በብርድ ምክንያት በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ቀስ ብለው አሙቀው ለሐኪም ያሳዩት። በዚህ ስሕተት በሕይወት ሳሉ የተቀበሩ አሉ።

ለመግዛት፣ ይልቁንም ሌላ ሰው ሰልችቶት መጠለያ ያስገባውን ለመውሰድ የሚያስብ ወላጅ ልጁን «ትንከባከበዋለህ?» ብሎ መጠየቁን ይተው። ልጅ «አዎ» ይላል፤ ከልቡም ነው፤ ቃሉ የሚጸናው ግን እስከሚቀጥለው ፍላጎቱ ድረስ ነው። ጥያቄው ለራስ ነው። ልጄ በወሩ ቢሰለቸው ይህን እንስሳ እስኪሞት ድረስ፣ ልጄን ሳልወቅስ፣ ሳላማርር አሳድረዋለሁ? «አዎ» ያለ ወላጅ ይግዛ፤ ልጁም አዋቂ ሰው ማንም ሳያመሰግነው በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ በቅርብ ያያል፣ ይቀላቀለዋል። «እኔ ምን አገባኝ፣ የፈለገው እሱ ነው» የሚል ወላጅ ግን ለልጁ ኳስ ይግዛለት። ኳስ ቢረሳ አይጠማም።